ለሰው ብዬም ነው የምመጣው (የምላሽ ጽሑፍ)

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው በስልኬ ደረሰኝ። ከላኩልኝ አንዷ «አንብቢውና ልብሽ ይረፍ» ብላኛለች። አነበብኩት። ልቤ አላረፈም።

ጽሑፉ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተጎድተው ስለቀሩ ምእመናን ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። አንደኛ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንመጣው ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው ብለን አይደለም፤ ስለዚህ «ሰው ጎዳኝ» ብሎ መቅረት ሰበብ ነው። ሁለተኛ፣ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። ሦስተኛ፣ ይቅር ያለ ሰው ይረሳል፤ ከረሳ ደግሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። አራተኛ፣ የቀሩት ድሮም ከልባቸው አልነበሩም። በመጨረሻም፣ በሩ ክፍት ነው፤ መመለስ የእነሱ ፈንታ ነው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለቤተ ክርስቲያን ተቆርቁረው እንደጻፉ ግን ያስታውቃል። እኔም ተቆርቁሬ ነው የምመልሰው። ከቀሩት አንዷ ነበርኩና። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ቀርቻለሁ።

እንዴት እንደቀረሁ ልናገር። ያደግሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። መዝሙር ክፍል ብቻ 11 ዓመት አገልግያለሁ። ሠርጌ ሁለት ወር ሲቀረው እጮኝነቴ ፈረሰ። ምክንያቱ የሁለታችን ነው፣ እዚህ አላነሣውም። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ግቢው ደረሰ። እኔ ስለራሴ የማላውቀውን ነገር ሰዎች ያውቁ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከጥናት በፊት፣ የሥራ አመራር አባላቱ ጠሩኝ። አምስት ናቸው። «ነገሩ እስኪጣራ» አሉኝና የመዝሙር ልብሴን እንዳስረክብ ነገሩኝ። ምን ሆነሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

በሳምንቱ ልብሱን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ንብረት የሚይዘው ልጅ አውጥቶ አራገፈው። እድፍ እንደሌለበት አየ። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ በስሜ ትይዩ «ተመላሽ» ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። አብረን ነው ያደግነው። ዛሬም ስለዚያ ጊዜ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሐሜቱ አይደለም። ያቺ «ተመላሽ» የምትል ቃል ናት።

የተጣራ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የጠራኝም የለም።

እንግዲህ ወደ ጽሑፉ ልግባ።

«ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው ብለን አልመጣንም»

ይህን አባባል ያልሰማ ምእመን ያለ አይመስለኝም። እኔም ብዬዋለሁ። አንዲት ጓደኛችን በአንድ አገልጋይ ንግግር አዝና ስትቀር፣ «ለእሱ ብለሽ ነው እንዴ የምትመጪው?» ብያታለሁ። መልስ አልሰጠችኝም። ለምን እንዳልሰጠችኝ የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው።

አባባሉ መንፈሳዊ ይመስላል። ሥራው ግን ሌላ ነው። የጎዳውን ሰው ከነገሩ ያወጣዋል። የተጎዳውን ደግሞ እምነቱ የጎደለ ያደርገዋል። አንድ ሰው እግሩን ረግጠውት «አመመኝ» ሲል «አንተ እኮ የመጣኸው ለእግርህ ብለህ አይደለም» እንደማለት ነው።

ደግሞስ እውነት ነው ወይ? ቅዳሴ ስንት ሰው ይፈልጋል? በሥርዓታችን ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። አንድ ካህን የቱንም ያህል የበቃ ቢሆን ብቻውን ገብቶ አይቀድስም። ሕዝቡም ቆሞ የሚያይ አይደለም፤ የራሱን ድርሻ፣ ተሰጥኦውን፣ ይመልሳል። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ብሎ ሲያውጅ እርስ በርሳችን እጅ እንነሣሳለን። እጅ የምነሣው አጠገቤ ለቆመች ሴት ነው። እሷ ከሌለች አዋጁ ለማን ነው? እኔ ለሰው ብዬም ነው የምመጣው። ሲገፉኝ ያመመኝም ለዚህ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ያስታውሱ፣ ወንድሜ። በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ ከሚናገሩት ወገን የሆኑ መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ችላ ተባሉ። ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት «ለእንጀራ ብላችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አላሏቸውም። እንዲህ ማለት እኮ ቀላል ነበር። ሕዝቡን ጠርተው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚያ አንዱ ነው። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ ሥራውን ቅሬታ ላነሣው ወገን የሰጡ ይመስላል። ዛሬ መስቀል ይዞ ከካህኑ ፊት የሚቆመውን ዲያቆን ሳይ ይህን አስባለሁ። ዲቁና የተጀመረው ከቅሬታ ነው። ከተዘነጉ ሴቶች ቅሬታ።

እኔን የመለሰኝም ስብከት አይደለም። ሰው ነው።

በአራተኛው ዓመት ኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ሁለት ታክሲ ይዤ ማንም ወደማያውቀኝ ደብር ሄድኩ። ብርዱ ያንገበግባል። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ በሴቶች በኩል፣ ከግንቡ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ማንም ሳያየኝ ልወጣ ነው ሐሳቤ። አጠገቤ ሰሌን አንጥፈው የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። አዩኝ። ምንም አላሉም። ጠጋ አሉና ሰሌኑን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። ሄጄ ተቀመጥኩ። የጋቢያቸውን ግማሽ ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝ። ቅዳሴው እንዳለቀ «ደህና ዋይ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ።

በቃ፣ ይኼው ነው። የሆነው ይኼ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። እዚያው ናቸው። በሦስተኛው እሑድ ቦታ ይዘውልኝ ጠበቁኝ። በሁለተኛው ወር የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ፤ በጸሎታቸው ሊያስቡኝ። ታሪኬን ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። ለምን ብቻዬን እንደምመጣ፣ ባል እንዳለኝ፣ ልጅ እንዳለኝ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ምንም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎኝ ሁለት እሑድ ቀረሁ። ስልክ ተደወለ። «ልቆጣሽ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ጋቢው ሰፋኝ ብዬ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። 11 ዓመት ካገለገልኩበት ግቢ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ስልክ አልተደወለልኝም ነበር።

ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ድሃ ወይም እንግዳ ሲመጣ፣ ቦታ ከጠፋም፣ በሙሉ ልብ ቦታ ይፈለግለት ይላል። እማማ ዲድስቅልያን አላነበቡም። ፊደልም አልቆጠሩም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ሲባል የምሰማው ተረት ነበር። አሁን ጋቢ አለው፣ ሰሌን አለው።

«የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም»

ገመናን መሸፈን ጥሩ ልማዳችን ነው። የሰውን ውድቀት እያዞሩ ማውራት ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ነገር ደባልቀዋል። ሐሜትና ቅሬታ አንድ አይደሉም። የእኔን ጉዳይ በየታክሲው ያወሩት ሰዎች ገመና አወጣችሁ አልተባሉም። «ሳትሰሙኝ ፈረዳችሁብኝ» ብዬ ብናገር ግን ገመና አውጪ እኔ ነኝ። እንዴት ነው ነገሩ?

ወንጌሉ ዝም በል አላለም። ማቴዎስ 18 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ ብቻህን ሄደህ ውቀሰው ይላል። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ። አሁንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገራት። ሦስቱም መናገር ነው።

የእኛው ታሪክም ምስክር ነው። አባቶች በሁለት ሲኖዶስ ተከፍለው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይተዋል። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ እንደምትነግረኝ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ «የአገር ቤቱ» «የስደተኛው» «ገለልተኛው» እየተባባሉ ወንድማማቾች እንኳ በተለያየ ደብር ይሳለሙ ነበር። አንዱ ቤት ክርስትና ሲነሣ ሌላው አይሄድም። ይህ ገመና ተሸፍኖ አልዳነም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ተቀምጠው በግልጽ ሲነጋገሩበት ነው ውግዘቱ የተነሣው። ከዚያ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የዚያን ቀን ያለቀሰው ሕዝብ የገመና መውጣት አይደለም ያስለቀሰው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ያገራችን ሰው እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ሕፃን ከተነካ፣ ሴት ከተደፈረች፣ ያ ገመና አይባልም። ወንጀል ነው። ቦታው ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ላይ «አባቶች ይምከሩበት» እያሉ ማዘግየት በተጎዳው ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው።

«ይቅር ያለ ይረሳል፣ ወደ ቦታውም ይመለሳል»

ይኼኛው ነው ከሁሉ የከበደኝ። ምክንያቱም ሦስት ዓመት ሙሉ ራሴን የገረፍኩበት ነው። አልረሳሁም፤ ስለዚህ ይቅር አላልኩም፤ ስለዚህ መቁረብ አይገባኝም እል ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህ ተረት ቂም ያዙ አይልም። ሰው እንዲህ ነው የተሠራው ነው የሚለው።

ከትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያናችን ቶማስን ታስባለች። የጌታችን ቁስል ከሞት ከተነሣ በኋላም አልጠፋም። ለቶማስ ያሳየው ያንኑ የተወጋ ጎኑን ነው። ይቅር ያለው እሱ ነው፤ ቁስሉን ያሳየውም እሱ ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ቁስል እያለም ይቅርታ እንዳለ ነው። ቶማስንም ይመልከቱት። የመጀመሪያው ቀን ቀርቶ ነበር። ሲመጣም «አላምንም» አለ። ወንድሞቹ አላባረሩትም። ስምንት ቀን ከነጥርጣሬው አብሯቸው ሰነበተ። በስምንተኛው ቀን ጌታ ሲመጣ ቶማስ መካከላቸው ነበር። ያንን ዕለት ነው ዳግም ትንሣኤ ብለን የምናከብረው።

ይህን ሁሉ ለብቻዬ አልደረስኩበትም። በአዲሱ ደብር የያዝኳቸው የንስሐ አባቴ ናቸው የረዱኝ። «አባ፣ ይቅር ማለት አቃተኝ» ስላቸው አልተቆጡኝም። «ቁስል በትእዛዝ አይድንም። እየመጣሽ ንገሪኝ» አሉኝ። እየሄድኩ እነግራቸዋለሁ። ይኼው እስከ ዛሬ።

ሌላው ደግሞ፣ ጸሐፊው ሸክሙን ሁሉ የጣሉት በተጎዳው ላይ ነው። ይቅር በል፣ እርሳ፣ ተመለስ። የጎዳው ሰው ምን ያድርግ? በሙሉ ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር የለም። ማቴዎስ 5 ላይ ግን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ የተባለው ወንድሙ የሚወቅሰው ነገር ያለው ሰው ነው። የበደለው ነው መባውን አስቀምጦ መንገድ የሚጀምረው።

አሁን እኔ የምገኝበት የጽዋ ማኅበር ይህን በተግባር ያውቃል። እማማ ናቸው ያስገቡኝ። ወር በገባ በ21 በየቤታችን ይዞራል። ዳቦው፣ ጠላው፣ ንፍሮው የተረኛዋ ነው። ሁለት ሰው ከተጣላ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴያችን፣ የማኅበሩ መሪ፣ ተነሥተው ያስታርቃሉ። ገብቼ ሁለት ወር ሳይሞላኝ አየሁት። ሁለት ሴቶች በእቁብ ገንዘብ ተኳርፈው ነበር። ሙሴው መጀመሪያ የሄዱት ብሩን ወዳዘገየችው ነው። «ተነሺ፣ አንቺ ነሽ የምትሄጂው» አሏት። ተነሣች። ጉልበት ልትስም ስትል ያችኛዋ ከመንገድ ተቀበለቻት። ከዚያ ነው ጸሎት የተደረገው።

ከአምስቱ የሥራ አመራር አባላት አንዱ ባለፈው ዓመት የቅበላ ሰሞን ቤቴ መጣ። ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው። ስልኬን ከእኅቴ ተቀብሎ፣ ሰፈሩን ጠይቆ ነው የመጣው። ቡና እስኪፈላ አልጠበቀም። «የዚያን ቀን ትክክል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ይቅር በዪኝ» አለኝ። ይቅር አልኩት። ከልቤ ነው። ቡናውን ጠጥተን፣ ስለ ልጆቹ አወራን፣ ሸኘሁት። የአራቱ ነገር ግን ገና ነው። ይቅር ብያለሁ ለማለት አፌ የሚደፍርበት ቀንም አለ፣ የማይደፍርበት ቀንም አለ። ወደዚያ መዝሙር ክፍልም አልተመለስኩም። ይህን ይዤ አስቀድሳለሁ፣ ይህን ይዤ እቆርባለሁ። የንስሐ አባቴ ያውቃሉ።

«ድሮም ከልባቸው አልነበሩም»

ጸሐፊው ለዚህ የጠቀሱት 1ኛ ዮሐንስ 2፥19ን ነው። «ከእኛ ዘንድ ወጡ፥ ዳሩ ግን ከእኛ ወገን አልነበሩም» የሚለውን። ሦስት ቁጥር ዝቅ ብለው ቢያነቡ ሐዋርያው ስለማን እንደሚናገር ራሱ ይነግርዎታል። ኢየሱስ ክርስቶስ አይደለም ብለው ስለካዱት ነው። ተገፍታ ቤቷ ስለምታለቅስ ዘማሪት አይደለም።

ማርቆስን ያስቡ። ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ወጥቶ ጵንፍልያ ላይ ትቷቸው ተመለሰ። በሁለተኛው ጉዞ ጳውሎስ «ይህ ሰው አይሄድም» አለ። በርናባስ እምቢ አለ። እስከመለያየት ተጣሉ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለ። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ በዚሁ ማርቆስ መንበር፣ በግብፅ እስክንድርያ፣ ሥር ነበረች። ያ ወጣት «ድሮም ከልቡ አልነበረም» ተብሎ ቢቀር ኖሮስ?

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ስልክ ቤተ ክርስቲያን አይሆንም ብለዋል። አይሆንም። በቀረሁባቸው ዓመታት ቅዳሴውን በስልክ ከፍቼ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ስልክ ጋቢ አያለብስም።

«በሩ ክፍት ነው፣ መመለስ የእነሱ ፈንታ ነው»

በሩ ክፍት መሆኑን አውቅ ነበር። በዚያ በር ፊት ለፊት በታክሲ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ከመስኮቱ ተሳልሜ እቀጥላለሁ። ክፍት በር ለተባረረ ሰው ብቻውን አይበቃውም። በበሩ በኩል የሚጠብቀው ማን እንደሆነ አያውቅማ።

መቶ በግ የነበረው ሰው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ሄደ ነው የሚለው። በረቱን ከፍቶ ተቀመጠ አይልም። በሕዝቅኤል 34 እረኞች የተወቀሱት በር ዘግተው አይደለም። የተሰበረውን ስላልጠገኑ፣ የጠፋውን ስላልፈለጉ ነው። አማኞችን ያሳድድ የነበረው ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣም ደቀ መዛሙርቱ ፈሩት፤ ሊቀርቡት አልወደዱም። በሩ ለሳውል ክፍት ነበር ማለት ይቻላል? ያው በርናባስ ነው ወስዶ ወደ ሐዋርያት ያገባው። አንድ ሰው መሄድ ነበረበት፣ ሄደ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እርስዎም በሚያገለግሉበት ሰንበት ትምህርት ቤት የአባላት መዝገብ ይኖራል። መስመር የተሰመረባቸው ስሞች አሉበት። ከእነሱ አንዱን ይምረጡና ዛሬ ማታ ይደውሉለት። «ለምን ቀረህ?» አይበሉት። ለመጀመሪያው ቀን «ና»ም አይበሉት። እንዴት ከረምክ ብቻ ይበሉት። ዝም ቢልም፣ ስልኩን ቶሎ አይዝጉት።